ወርኃዊ ክፍያ የሌለው ኪራይ፦ የደቡብ ኮሪያ የጆንሴ ሥርዓት፣ ፖለቲካውና ዕዳው

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ ደቡብ ኮሪያ በአገራችን ሲወራ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከቃኘው ሻለቃ ዘመቻ ይነሣል፣ ወይ ከሳምሰንግ፣ ከሂዩንዳይና ከተከታታይ ድራማዎቿ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንዱም አይደለም። የምናገረው ስለ ቤት ኪራይ ነው። ርእሱ ለአደባባይ ንግግር ትንሽ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ የዚያ አገር ቤተሰብ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያጠራቅም፣ መንግሥታት በምን ጉዳይ ድምፅ እንደሚያጡ፣ ወጣቱም ትዳርን ለምን እንደሚያዘገይ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከፋብሪካዎቹ ይልቅ ከኪራይ ውሉ ቢጀምር የተሻለ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውሉ ጆንሴ ይባላል። በጆንሴ የገባ ተከራይ ወር በመጣ ቁጥር የሚከፍለው ኪራይ የለም። በምትኩ ቤቱ ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሹን፣ ብዙ ጊዜም ሰባና ሰማንያ በመቶውን፣ በአንድ ጊዜ ለአከራዩ ያስይዛል፤ ሁለት ዓመት ይኖርበታል፤ ውሉ ሲያበቃ ቤቱን አስረክቦ ያስያዘውን ገንዘብ ሳይጎድል ይረከባል። ለገንዘቡ ወለድ አይታሰብለትም፤ ኪራዩ ያ ያልታሰበለት ወለድ ነው። መሬት በወለድ አገድ ሲሰጥ ያየ የገጠር ሰው፣ ወይም በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያነበበ የሕግ ባለሙያ፣ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በሁለቱም አበዳሪው በወለድ ፈንታ በንብረቱ ይገለገላል። ቦሊቪያውያንም ተመሳሳይ ውል አላቸው። ኮሪያን ከሁሉም የሚለያት፣ በሌላው ዓለም ያን ያህል ያልተስፋፋውን ውል ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ዋና የከተማ መኖሪያ ሥርዓት ማድረጓ ነው።

ሥርዓቱ የዘመናዊው መንግሥት ፈጠራ አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጃፓኖች የኮሪያን ልማዳዊ ሕግ ሲያጠኑ፣ በሴኡል እጅግ የተለመደው የቤት ኪራይ ይኸው እንደሆነ መዝግበዋል። ወደ ሰፊው ሕዝብ የተስፋፋው ግን ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ምክንያቱም ከባንኮች ጋር የተያያዘ ነው። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን እንደያዙ የንግድ ባንኮችን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረጉ፤ ብድሩም ወደ ውጭ ገበያ ለሚያመርቱ ኩባንያዎች እንዲፈስ አዘዙ። ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለብረት፣ ለመርከብ ሥራ ርካሽ ገንዘብ ተገኘ፤ መኖሪያ ቤት ልግዛ ለሚል መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ግን የባንኩ በር ዝግ ነበር። ሕዝቡ በእቁብ መሰል ማኅበራትና ከባንክ ውጭ ባለው የአራጣ ገበያ ይገለገል ነበር፤ ይህ ገበያ ምን ያህል ገዝፎ እንደነበረ ለማወቅ በነሐሴ 1972 ፓርክ ኩባንያዎች ከግለሰቦች የተበደሩትን ዕዳ በአስቸኳይ ድንጋጌ ማገዳቸውን ማስታወስ ይበቃል።

በዚህ መካከል በ1960 ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው የነበረባት ሴኡል በ1988 አሥር ሚሊዮን ሞላች። ከገጠር የሚጎርፈው ሰው ቤት ይፈልጋል፤ ቤት የሚሠራው ሰው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ባንክ ለሁለቱም አያበድርም። ጆንሴ ሁለቱን አገናኘ። አከራዩ ከተከራዩ የተቀበለውን ገንዘብ ወይ ለቤቱ መሥሪያ ያውለዋል፣ ወይ ከፍ ባለ ወለድ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ሁለተኛ ቤት ይገዛበታል። ተከራዩም ቢሆን አልተጎዳም፤ ገንዘቡ በየወሩ እየተቆረሰ ከማለቅ ይልቅ በአንድ ቦታ ተቋጥሮ ይቆይለታል፤ ውሉ በታደሰ ቁጥር ጥቂት እየጨመረ፣ ከጠባብ ወደ ሰፋ ያለ ቤት እየተዛወረ፣ በመጨረሻ የራሱን አፓርትማ ይገዛል። ዛሬ በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኘው የኮሪያ መካከለኛ መደብ በአብዛኛው ይህን መሰላል የወጣ ነው። ይህን ትውልድ ስለ ጆንሴ ብትጠይቁት በፍቅር ይናገራል፤ ፍቅሩም ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ አከራዩ ይህን ውል የሚወደው ከሁለት ነገሮች አንዱ ሲኖር ብቻ ነው። ወይ የወለድ ምጣኔ ከፍተኛ መሆን አለበት፣ ያን ጊዜ የተረከበው ገንዘብ ያተርፍለታል፤ ወይ የቤት ዋጋ መጨመር አለበት፣ ያን ጊዜ በሰው ገንዘብ የገዛው ቤት ያተርፍለታል። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ሁለቱም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወለዱ እየወረደ ሲሄድ የቀረው የዋጋ ጭማሪ ተስፋ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ የምተርክላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ለውጥ የመጣ ነው።

የመንግሥት እጅ በመጀመሪያ የገባው ለተከራዩ በማዘን ነበር። በ1981 የመኖሪያ ቤት ተከራዮች ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በ1989 ማሻሻያ ዝቅተኛው የውል ጊዜ ከአንድ ዓመት ወደ ሁለት ዓመት ከፍ አለ። አከራዮች ለሁለት ዓመት ዋጋ መጨመር እንደማይችሉ ሲያውቁ የሁለቱን ዓመት ጭማሪ አስቀድመው በአንዴ ጫኑት፤ በ1990 መጀመሪያ የጆንሴ ገንዘብ ማሟላት አቅቷቸው ራሳቸውን ያጠፉ ተከራዮች ዜና በየጋዜጣው ወጣ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2020፣ የፕሬዚዳንት ሙን ጄ ኢን መንግሥት ተከራዩ ውሉን ለተጨማሪ ሁለት ዓመት የማደስ መብት እንዲኖረውና በእድሳት ጊዜ የሚደረገው ጭማሪ ከአምስት በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ አዲስ ውል ለሚፈልግ ሰው ዋጋው ወዲያው ተተኮሰ። ሕግ አውጪዎቹ የ1989ን መዝገብ አላዩም ለማለት ይከብደኛል፤ አይተው የተለየ ውጤት ጠብቀው ነበር ማለት ይቀለኛል። እኛም በ2016 ዓ.ም. በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ የሁለት ዓመት ዝቅተኛ የውል ጊዜ ስለደነገግን ይህ ምዕራፍ ለአዲስ አበባ አድማጭ ሩቅ ተረት አይደለም፤ ሆኖም የእኛው አዋጅ ቅድሚያ ክፍያውን ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ስለሚገድብ በጆንሴ የደረሰው ነገር በዚያው መልኩ ሊደርስብን አይችልም።

ሁለተኛው የመንግሥት እጅ ግን ከዋጋ ቁጥጥሩ እጅግ የከፋ ውጤት ያመጣ ይመስለኛል፤ እሱም የጆንሴ ብድር ነው። ማስያዣው እየናረ ሲሄድ ቀኝ ዘመሞቹም ግራ ዘመሞቹም መንግሥታት፣ ከሊ ሚዩንግ ባክ እስከ ሙን ጄ ኢን፣ ተከራዩ የሚያስይዘውን ገንዘብ ከባንክ እንዲበደር መንገዱን አሰፉ። ባንኩ ከማስያዣው እስከ ሰማንያ በመቶ ያበድራል፤ ለብድሩ የመንግሥት የዋስትና ተቋም ዋስ ይሆናል። በዝቅተኛ ወለድ ለወጣቶችና ለአዲስ ተጋቢዎች የተለየ ብድር ተዘጋጀ። ከዚህ የተሻለ ደግ ፖሊሲ ያለ አይመስልም። ነገር ግን ባንኩ ዋስትናውን ይዞ ስለተቀመጠ አከራዩ ማን እንደሆነ፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ቤቱስ በእርግጥ ያን ያህል ያወጣ እንደሆነ የሚመረምርበት ምክንያት አልነበረውም። ተከራዩም ከኪሱ የሚያወጣው ጥቂት፣ የሚከፍለው የብድሩ ወለድ ደግሞ ከወር ኪራይ ያነሰ ስለሆነ በማስያዣው መጠን አልተከራከረም። ስለዚህ ማስያዣው ወደ ቤቱ ዋጋ ተጠጋ፤ በአንዳንድ ሰፈርም እኩል ሆነ።

ማስያዣው ወደ ቤቱ ዋጋ ሲጠጋ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ቤት መግዛት ይቻላል። ሂሳቡን ላሳያችሁ። ሦስት መቶ ሚሊዮን ዎን የሚያወጣ ቤት ውስጥ ሁለት መቶ ሰባ ሚሊዮን ያስያዘ ተከራይ ካለ፣ ገዢው ከኪሱ የሚያወጣው ሠላሳ ሚሊዮን ብቻ ነው፤ የቀረው ተከራዩ ሲወጣ የሚመለስ ዕዳ ሆኖ ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። ኮሪያውያን ይህን የልዩነት ኢንቨስትመንት ይሉታል። ዋጋው አሥር በመቶ ቢጨምር ገዢው ካወጣው ገንዘብ ጋር እኩል አተረፈ፤ አሥር በመቶ ቢወርድ ግን የእሱ ድርሻ ተሟጠጠ፤ ከዚያ በታች የሚወርደው እያንዳንዱ ዎን የተከራዩ ኪሳራ ነው። አደጋው ሁሉ በተከራዩ ላይ፣ ትርፉ ሁሉ ለባለቤቱ የሆነበት ውል ከዚህ በላይ በግልጽ ሊጻፍ አይችልም።

የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የኮሪያ ባንክ የወለድ ምጣኔውን በ2020 ወደ 0.5 በመቶ አወረደው። ያን ጊዜ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ወጣቶች ነፍሳቸውን እንኳ ጠርገው እየተበደሩ ቤት ገዙ ይባል ነበር፤ አባባሉ የራሳቸው ነው። በነሐሴ 2021 ምጣኔው መጨመር ጀመረ፤ በጥር 2023 ደግሞ 3.5 በመቶ ደረሰ። የጆንሴ ብድር ወለድ ከወር ኪራይ በለጠ፤ አዲስ ተከራይ ጠፋ፤ የቤት ዋጋ ወረደ። አሮጌው ተከራይ ገንዘቡን ሲጠይቅ አከራዩ ከአዲሱ ተከራይ ተቀብሎ የመክፈል ልማድ ነበረውና የሚከፍለው አጣ። በ1998ም፣ በእስያ የገንዘብ ቀውስ ማግሥት፣ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ድንገተኛ ድንጋጤ ነበር፤ የአሁኑ ግን ለዓመታት ሲደለብ የቆየ ነው።

በዚህ ላይ ማጭበርበሩ ተጨመረ። ጉዳቱ የከፋው በትልልቅ አፓርትማዎች ሳይሆን ኮሪያውያን ቪላ በሚሏቸው ቤቶች ነው፤ እኛ ቪላ ስንል የምናስበውን ግቢ ያለው ቤት አታስቡ፤ በእነሱ ዘንድ ቪላ ማለት አራትና አምስት ፎቅ ያለው፣ ርካሽና ጠባብ ክፍሎች የታጨቁበት ሕንፃ ነው። የአፓርትማ ዋጋ ሁሉም ሰው በስልኩ ይመለከተዋል፤ አዲስ የተሠራ ቪላ ግን ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ሠሪውና ደላላው ብቻ ነው። በ2022 መጸው በሴኡልና በአካባቢዋ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች በስሙ የነበሩ አንድ ሰው ሞተ፤ ተከራዮቹ ገንዘባቸውን ከማን እንደሚጠይቁ አጡ። በኢንቾን ከተማ ሚቹሆል በተባለው ክፍለ ከተማ ደግሞ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ያህል ቤቶች የነበሩት አንድ የሕንፃ ሠሪ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ቤቶቹ ወደ ሐራጅ ሄዱ፤ በ2023 የመጀመሪያ ወራት ከተከራዮቹ መካከል ወጣቶች ተራ በተራ ራሳቸውን አጠፉ። ሠሪው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ተፈርዶበት፣ በይግባኝ ወደ ሰባት ዓመት ዝቅ ተደረገለት። ፍርዱ በተከራዮቹ ዘንድ ያስነሣውን ቁጣ መናገር አያስፈልገኝም።

ወጣቶቹ ሞኞች ስለነበሩ የተታለሉ እንዳይመስላችሁ ሕጉን ትንሽ ላብራራ። በኮሪያ ሕግ ተከራይ ወደ ቤቱ ገብቶ አድራሻውን ሲያስመዘግብ በሦስተኛ ወገኖች ላይ የሚጸና መብት ያገኛል፤ በውሉ ላይ የቀን ማኅተም ካስደረገ ደግሞ ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ ከእሱ በኋላ ከተመዘገቡ አበዳሪዎች ይቀድማል። ጥበቃው ጥሩ ነው። ችግሩ የተከራዩ መብት የሚጸናው ካስመዘገበበት ቀን ማግሥት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ የባንክ መያዣ ግን በተመዘገበበት ቀን ወዲያው መጽናቱ ነው። አከራዩ ከሰዓት በፊት ማስያዣውን ተቀብሎ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ለባንክ ቢያስይዝ ባንኩ ይቀድማል፤ ተከራዩ ጠዋት ያየው መዝገብ ንጹሕ ነበር። በሌላ በኩል አነስተኛ ማስያዣ ላላቸው ተከራዮች ከሁሉም አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ የሚከፈልበት ድንጋጌ አለ፤ ነገር ግን የአነስተኛነቱ ጣሪያ የሚለካው ተከራዩ በገባበት ዓመት በሚሠራው ልክ ሳይሆን ቤቱ ለባንክ በተያዘበት ዓመት በነበረው ልክ ነው። በኢንቾን ውላቸውን ሲያድሱ ማስያዣቸው የተጨመረባቸው ሰዎች በዚህ ምክንያት ጣሪያውን አልፈው ከጥበቃው ውጪ ሆኑ። አከራዩ ያልከፈለው ግብርም በፊት ለተከራዩ የማይታይ ዕዳ ነበር፤ ያለ አከራዩ ፈቃድ ማየት የተቻለው ከ2023 ወዲህ ነው።

የመንግሥት የዋስትና ኮርፖሬሽኑም ነገሩን አባብሷል። ማስያዣው ከቤቱ ዋጋ መቶ በመቶ እኩል ቢሆንም ለተከራዩ ለመመለሱ ዋስትና ይሰጥ ነበር፤ ወደ ዘጠና በመቶ ያወረደው በ2023 ነው። ደላላው ለተከራዩ «መንግሥት ዋስ ነው» ሲለው ውሸቱን አልነበረም። ኮርፖሬሽኑ በዚያ ዓመት ብቻ ከሦስት ትሪሊዮን ዎን በላይ ከሰረ፤ ዋስትና ያልገባው ተከራይ ደግሞ ብቻውን ቀረ። እኔ በዚህ ጉዳይ አጭበርባሪዎቹን ነፃ አላወጣም፤ ለእነሱ ሜዳውን የደለደለው ግን የመንግሥት ብድርና ዋስትና መሆኑን ሳይናገሩ ወንጀለኛውን ብቻ መቁጠር ግማሽ እውነት ነው።

ወደ ፖለቲካው ልለፍ። ሙን ጄ ኢን በአምስት ዓመት ዘመናቸው ከሃያ በላይ የቤት ነክ እርምጃዎችን አወጁ፤ የሴኡል የአፓርትማ ዋጋ ግን በእጥፍ ገደማ አሻቀበ። በመጋቢት 2021 የመንግሥት የመሬትና ቤቶች ኮርፖሬሽን ሠራተኞች አዲስ ከተማ ሊገነባበት የታሰበ መሬት አስቀድመው መግዛታቸው ተጋለጠ። በወሩ በሴኡል ከንቲባ ምርጫ የተቃዋሚው እጩ ኦ ሴ ሁን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ፤ በቀጣዩ ዓመት ዩን ሱክ ዮል በ0.73 በመቶ ልዩነት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህን ያህል በጠበበ ምርጫ ውጤቱን አንድ ምክንያት ብቻ ወሰነው ማለት አይቻልም፤ የሴኡል መራጭ ግን በቤት ጉዳይ እንደተቀየመ የሙን ፓርቲ ሰዎች ራሳቸው አልካዱም። ዩን በታኅሣሥ 2024 ያወጁት ወታደራዊ ሕግና በሚያዝያ 2025 ከሥልጣን መወገዳቸው የሌላ ንግግር ርእስ ነው።

ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመው በዩን ዘመን የተደረገው ክርክር ነው። በግንቦት 2023 ለጆንሴ ተጎጂዎች ልዩ ሕግ ሲወጣ መንግሥት ለተጎጂዎች ብድርና ቤቱን በሐራጅ ቀድመው የመግዛት መብት ሰጠ። ተቃዋሚው ፓርቲ መንግሥት አስቀድሞ ይካሥ፣ ከአከራዩ በኋላ ያስመልስ አለ፤ ሕጉን በግንቦት 2024 በምክር ቤት አሳለፈ፤ ዩን በማግሥቱ ሻሩት። በግለሰቦች መካከል የተደረገ ውል ሲፈርስ ግብር ከፋዩ ለምን ይከፍላል የሚለው የመንግሥት ክርክር በመርኅ ደረጃ ተራ ክርክር አይደለም። ሆኖም ብድሩን ያቀረበ፣ ዋስ የሆነና ደላላውን ፈቃድ የሰጠ መንግሥት ውሉ የግለሰቦች ብቻ ነው ሲል የሚሰማው ሰው አያገኝም። በነሐሴ 2024 በተደረሰ ስምምነት የመሬትና ቤቶች ኮርፖሬሽኑ የተጎጂዎችን ቤት በሐራጅ ገዝቶ እስከ አሥር ዓመት ያለ ኪራይ እንዲኖሩበት ተወሰነ። በሕጉ መሠረት በተጎጂነት የታወቁት ከሃያ ሺህ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ናቸው።

ይህ ዕድሜ የትዳር ዕድሜ ነው። የኮሪያ የወሊድ ምጣኔ በ2023 ለአንዲት ሴት 0.72 ደርሶ በ2024 ወደ 0.75 ከፍ ብሏል፤ በሴኡል ብቻ ሲታይ በሁለቱም ዓመታት ከ0.6 በታች ነበር። ምክንያቱ ቤት ብቻ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ በወንድና በሴት ደመወዝ መካከል ሠላሳ በመቶ የሚጠጋ ልዩነት፣ የሥራ ሰዓት ርዝመት፣ የማስጠኛ ትምህርት ቤቶች ወጪ አለ። ቤት ግን ከሁሉም ጋር ይቆላለፋል። በልማድ ለጋብቻ ቤት የሚያቀርበው የወንዱ ወገን ነው፤ ያም ማለት ለብዙዎች የጆንሴ ማስያዣ ማለት ነው፤ ወላጆቹ ያልደገፉት ልጅ ያለ ብድር አይደርስበትም። ልጁ ተወልዶ ሲያድግ ደግሞ ማስጠኛዎቹ የተሰበሰቡበት፣ በሴኡል ጋንግናም የሚገኘው የዴቺ ሰፈር አለ። እዚያ በ1979 የተጠናቀቀው ኡንማ የተባለው አፓርትማ፣ ግድግዳው ያረጀና የመኪና ማቆሚያው የተጨናነቀ ቢሆንም፣ ሌላ ቦታ የተሻለ ቤት ያላቸው ወላጆች የራሳቸውን አከራይተው ለልጁ ትምህርት ሲሉ በጆንሴ የሚገቡበት ነው።

መንግሥት ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ልጅ ለወለደ ቤተሰብ በዝቅተኛ ወለድ ለቤት መግዣና ለጆንሴ ማስያዣ ማበደር ነው። በ2024 ለታየው ጥቂት የወሊድ ጭማሪ ይህ ድርሻ ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን ማስያዣውን ያናረው ብድር ከሆነ፣ ልጅ ለመውለድ በቅድመ ሁኔታ ሌላ ብድር ማቅረብ የት እንደሚያደርስ ባለሥልጣናቱ በግልጽ ሲናገሩ አልሰማሁም።

በሰኔ 2025 የተመረጡት ፕሬዚዳንት ሊ ጄ ሚዩንግ ከቀደሙት በተለየ መንገድ ጀምረዋል። በዚያው ወር መጨረሻ በሴኡልና በአካባቢዋ ለቤት መግዣ የሚሰጥ ብድር ከስድስት መቶ ሚሊዮን ዎን እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ገዢው የቤቱን ዋጋ ተከራዩ በሚበደረው ጆንሴ የሚከፍልበት መንገድም ተዘጋ። በጥቅምት ደግሞ በመላዋ ሴኡል አፓርትማ የሚገዛ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣና ራሱ እንዲኖርበት ታዘዘ። እርምጃው የልዩነት ኢንቨስትመንቱን ሥር ይቆርጣል፤ ያለዚያ ገዢ ግን የሚከራይ የጆንሴ ቤትም ይጠፋል። ከ2022 ጀምሮ ከሚፈረሙት አዳዲስ የኪራይ ውሎች ከግማሽ በላይ የወር ኪራይ ያለባቸው ሆነዋል። ለአከራዩ፣ በተለይ ጡረታው ለማይበቃው አዛውንት፣ የወር ገቢ መልካም ነው። ለተከራዩ ማስያዣውን ከመዘረፍ ያድነዋል፤ ግን ወላጆቹ ሳይወዱ በግድ ያጠራቀሙበትን ቋጠሮ አያገኝም፤ በዚያ ፋንታ ምን ይተካ የሚለውን ጥያቄ እስካሁን አንዱም ፓርቲ በቅጡ አላነሣውም። በአነስተኛ ኪራይ ለረጅም ጊዜ የሚኖርባቸውን የመንግሥት ቤቶች በብዛት መሥራት አንዱ መንገድ ነው፤ ውድ ነው፤ ከአምስት ዓመት የሥልጣን ዘመንም በላይ ይፈጃል።

የተጎጂዎቹ ልዩ ሕግ ዕድሜ በ2025 ለሁለት ዓመት ተራዝሟል። ሕጉ የሚሸፍነው ግን እስከ ግንቦት 31 ቀን 2025 የመጀመሪያ ውላቸውን የፈረሙትን ብቻ ነው፤ ከሰኔ 1 ጀምሮ ማስያዣ የከፈለ ተከራይ የሚጠብቀው ያው የ1981ዱ ሕግ ሲሆን፣ የማግሥቱ እኩለ ሌሊት ደንብም አብሮት አለ።